ቤዝ ጊታርን ከአጃቢነት ያወጣው ጃኮ ፓስቶሪየስ

በራሱ ጥረት ተምሮ የቤዝ ጊታር አጨዋወትን የለወጠው አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ጃኮ ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1951 በፔንስልቫንያ ግዛት ተወልዶ በፍሎሪዳ አደገ። የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ድራም መምታት ቢጀምርም፣ በልጅነቱ በጨዋታ ላይ የእጁ አንጓ በመጎዳቱ ፊቱን ወደ ቤዝ ጊታር አዞረ።

ሙያውን የቀሰመው በመደበኛ ትምህርት ሳይሆን በማድመጥና በመለማመድ ነበር። ድምፆችን የሚለዩት ቀጫጭን ብረቶች የተነቀሉለትን ጊታር አንገት በጀልባ መለበጫ ሙጫ በመሸፈን፣ ከመሣሪያው እንደ ሰው ድምፅ የሚለሰልስ ዜማ ማውጣት ችሏል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዌዘር ሪፖርት የተሰኘውን ታዋቂ ቡድን ተቀላቀለ። በቡድኑ ውስጥ ቤዝ ጊታር ከኋላ ሆኖ የሚያጅብ ብቻ ሳይሆን ዜማ የሚመራ መሣሪያ መሆኑን በተግባር አሳይቷል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1982 ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት በሐኪሞች ተረጋገጠ። ሕመሙ ከመጠጥ ጋር ተዳምሮ ሥራውንና ቤቱን አሳጥቶት በኒውዮርክ ጎዳናዎች ላይ እስከ ማደር አደረሰው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1987 በፍሎሪዳ በአንድ የምሽት ክበብ ጥበቃ በደረሰበት ድብደባ በ35 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ።

አድናቂዎቹ ግን አልረሱትም። በተከታዩ ዓመት የዳውን ቢት መጽሔት አንባቢዎች በድምፃቸው ከጃዝ ታላላቆች መዝገብ ያሰፈሩት ሲሆን፣ በፍሎሪዳ የምትገኘው የኦክላንድ ፓርክ ከተማም መናፈሻ በስሙ ሰይማለች። የሕይወት ታሪኩ የግል ጥረት የት እንደሚያደርስ የሚያሳየውን ያህል፣ የአእምሮ ሕመም ተከታታይ ሕክምናና የቅርብ ድጋፍ ካላገኘ የሚያስከትለውን ጉዳትም ያመለክታል።