አባ ጎርጎርዮስ በስደት ያገኙት ማረፊያ

ሰው ከአገሩ ሲሰደድ ቤቱንና ርስቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ዕውቀቱን ግን በልቡ ይዞ ይወጣል። ዳሩ ግን በልብ የተያዘ ዕውቀት የሚጻፍበት ስፍራና የሚጠይቀው ተማሪ ካላገኘ ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ ስደተኛውን ሊቅ አስጠግቶ መኖሪያና የሥራ ጊዜ መስጠት እንግዳን መቀበል ብቻ ሳይሆን ዕውቀትን ከሞት ማዳን ነው። ለዚህም የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ በቂ ምስክር ይሆናል። በዚህ ታሪክ የሚነገረው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአማራ አገር መካነ ሥላሴ በተባለው ስፍራ ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። የግዕዝ መጻሕፍትን ተምረው በክህነት ያገለግሉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያኑ መምህራን ወገን ቆሙ። በዚህ ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ነግሠው የውጭ አገሩን መምህራን ከአገር አስወጡ። ከተሸነፈው ወገን የነበሩት አባ ጎርጎርዮስም ተሰደዱ፤ ከብዙ እንግልት በኋላ ሮማ ገቡ።

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ከአባ ጎርጎርዮስ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ አባ ተስፋ ጽዮን በዚሁ ገዳም ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመው ነበር። እንግዲህ ያ ቤት ለስደተኛው እንጀራና መኝታ ብቻ ሳይሆን ሥራም የተገኘበት ቤት ነበረ ማለት ነው።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የጀርመን ተወላጅ ለስዊድን አምባሳደር የጠፉ ወረቀቶችን ለመፈለግ ወደ ሮማ መጣ። ገና ወጣት ሳለ ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ተምሮ ስለ ነበረ ኢትዮጵያውያኑን ፈልጎ ወደ ገዳሙ ሄደ። እነርሱም ይህ ትምህርት ከኢትዮጵያ ውጭ የሚቻል አይደለም ብለው አሰቡ። ትልቅ የብራና መጽሐፍ ሰጥተው ቢያስነብቡት አነባበቡ አሳቃቸው፤ ከሁሉም ይልቅ አባ ጎርጎርዮስ ሳቁ። ያነበበውን መተርጐም በጀመረ ጊዜ ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። በመካከላቸው ሌላ የጋራ ቋንቋ ስላልነበረ ግዕዝን መነጋገሪያ አደረጉት፤ ወዳጅነታቸውም ከዚያ ቀን ጀመረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1652 የሳክስ ጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛታቸው ጠሩ። ጀርመን ከሠላሳው ዓመት ጦርነት የወጣችው በ1648 ነበርና አገሩ ገና አላገገመም፤ መስፍኑም የሉተር ሃይማኖት ተከታይ ሲሆኑ እንግዳው የሮማን ሃይማኖት የተቀበሉ ካህን ነበሩ። የአገሩ ድህነትም ሆነ የሃይማኖቱ ልዩነት ግን መስፍኑን ከመጥራት አላገዳቸውም። በጎታ ከተማ ፍሪደንስታይን የተባለው ቤተ መንግሥት፣ ትርጓሜውም የሰላም ድንጋይ ማለት ነው፣ ገና ሥራው ሳይፈጸም ለኢትዮጵያዊው ሊቅ በሩን ከፈተ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያ ከሰኔ ወር እስከ መስከረም ድረስ ተቀመጡ። ሉዶልፍም በመስፍኑ አገልግሎት ነበረና አብረው ሠሩ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አውራጃዎቹ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዐት፣ ስለ አራዊቱና ስለ ዕፅዋቱ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ይመልሳሉ፤ እርሱም ይጽፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአማርኛው ነገር ነው። ግዕዝን የሚፈልግ ሰው ከብራና መጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል፤ አማርኛ ግን በዚያ ዘመን እምብዛም የማይጻፍ ስለ ነበረ ከተወለደበት ሰው አፍ ካልሆነ በቀር አይገኝም ነበር። የአፍ መፍቻቸው አማርኛ የሆነ አንድ ስደተኛ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ትጉህ ጠያቂ ጋራ፣ ለጥቂት ወራት ባይቀመጡ ኖሮ ያ ዕውቀት ወደ አውሮፓ መጻሕፍት የሚገባበት መንገድ አልነበረም።

የብርዱ ወራት ሳይገባ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣሊያ ተመለሱ። ከዚያም ከሉዶልፍ ጋራ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ነገር ግን አገራቸውን ዳግመኛ ሊያዩ አልቻሉም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በእስክንድሮና ወደብ አጠገብ መርከቡ ተሰበረና በባሕር ሰጥመው ሞቱ።

ከሞታቸው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው መጽሐፉ በፍራንክፈርት ወጣ፤ በዚህም ውስጥ አባ ጎርጎርዮስን ስማቸውን እየጠራ በብዙ ስፍራ ምስክር አደረጋቸው። በ1691 ሥዕላቸው በመዳብ ተቀርጾ ታተመ። በ1698፣ ከሞታቸው 40 ዓመት በኋላ፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለኅትመት በቃ። ሉዶልፍ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል፤ የዚህ አባት መምህር ግን ቤት ያልነበራቸው ስደተኛ ናቸው።

መስፍን ኤርንስት ለአባ ጎርጎርዮስ የሰጧቸው ርስት ወይም ሹመት አልነበረም፤ የጥቂት ወራት መኖሪያ፣ ቀለብና የሥራ ጓደኛ ነው እንጂ። ዛሬም በልዩ ልዩ አገር ለስደተኛ ደራስያንና ለጥበብ ሰዎች ማረፊያና የሥራ ጊዜ የሚሰጡ ከተሞችና ማኅበሮች አሉ፤ የሚሠሩትም ሥራ ይኸው የጎታ ሥራ ነው። ቤትና በጀት በእጁ የሆነ ሹም፣ ገዳምና ደብር የሚያስተዳድር አባትም ይህን ታሪክ ሊያስተውለው ይገባል። እንግዳውን ሊቅ ምን እንደሚያምን ወይም ከየትኛው ወገን እንደ ተሸነፈ ከመጠየቅ በፊት ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ይሻላል። መርከብ ይሰበራል፤ ሰውም ይሞታል፤ አስቀድሞ የተጻፈው ግን ይተርፋል።