በከዋክብት አገራችንን የለካው አንቷን ዳባዲ

በአንዳንድ ወራት ማታ ማታ ከጦሳ ጫፍ በላይ ቦግ ብላ የምትታየውን ነገር አውሮፕላን ናት፣ ኮከብ ናት እያልን የምንከራከር ብዙ ነን። ነገ ተማሪ ቢጠይቀን ምን ልንል ነው? ሰማይ ማየትን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ግን በአገራችን አሥር ዓመት ያህል ኖሮ ነበር።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን ከተማ ከአየርላንዳዊት እናትና ከፈረንሳዊ አባት ተወለደ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ፤ እስከ 1848 ድረስም ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ እናርያንና ከፋን አየ። ቀን ቀን ተራራ ላይ ወጥቶ ቴዎዶላይት በተባለ የማዕዘን መለኪያ የሌሎቹን ተራሮች ጫፍ ያነጣጥራል፤ ሌሊት ደግሞ የከዋክብትን ከፍታ ይለካል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የምትልበት ዲግሪ የቆምንበትን ቦታ ኬክሮስ ይነግረናል። ደሴና ኮምቦልቻ 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆኑ፣ ክንዳችንን ዘርግተን ብንለካት ከአድማስ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ትገኛለች። (እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ ሞክሬ ነበር፤ ተራራው ጋረደብኝ እንጂ!)

ዳባዲ ተሳስቷልም። የነጭ ዓባይ ምንጭ ግቤ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ፤ ግቤ ግን ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚፈሰው። እንግሊዛዊው ቤክ ቢከራከረውም አልሰማም። ኮከብን ያን ያህል ተጠንቅቆ የሚለካ ሰው የወንዙን መድረሻ ሳያይ መደምደሙ እኔን ይገርመኛል።

በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በዓመቱ፣ በ72 ዓመቱ፣ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት የፈረንሳይን ቡድን መርቶ ሃይቲ ድረስ ሄደ። ቬኑስ ማለት የኛዋ አጥቢያ ኮከብ ናት። ከፀሐይ ብዙ ስለማትርቅ ወይ ሲመሽ በምዕራብ ወይ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ እንጂ እኩለ ሌሊት ላይ አናያትም። ከዋክብት ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ የሷ ብርሃን ግን የረጋ ነው። እንግዲህ ጦሳ ላይ የምንከራከርባት እሷው ናት። እኩለ ሌሊት ላይ የረጋ ደማቅ ነጭ ብርሃን ብታዩ ግን ጁፒተር ሳይሆን አይቀርም፤ ቀላ ካለ ደግሞ ማርስን ጠርጥሩ።

ዳባዲ በፈረንሳይ ጠረፍ፣ ሃንዳይ በተባለ ቦታ፣ የከዋክብት መመልከቻ ያለበት ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ሠርቶ በግድግዳው ላይ አማርኛ አስጻፈበት። በ1897 ከመሞቱ በፊትም ቤቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሰጠ፤ ውሉ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ ነበር።