ዊልሄልም ሺምፐርና የሆድ ትል መድኃኒቶቻችን

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 በባቫርያ ተወለደ። በ1837 አድዋ ሲገባ የላከው የደረቁ ዕፅዋትን አሰባስቦ ለአባሎቹ የሚያከፋፍል አንድ የኤስሊንገን ከተማ ማኅበር ነበር። ዕፅዋት ሊለቅም የመጣው እንግዳ ግን ኑሮውን በትግራይ መሠረተ፤ የአገሩን ሴት አግብቶ ልጆች አፈራ። ደጃዝማች ውቤም ወደውት የእንጢጮን አውራጃ እንዲያስተዳድር ሾሙት።

በ1855 ውቤ ደራስጌ ላይ በቴዎድሮስ ድል ሲሆኑ ሺምፐርም ሹመቱን አጣ፤ ሥራውን ግን አልተወም። ከየተራራው አበባና ቅጠል እየለቀመ፣ በወረቀት መካከል ተጭኖ እያደረቀ፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ይመዘግብ ነበር። በ1864 እና በ1865 የጻፈው ስለ ዕፅዋት የሚያወሳ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ በለንደን ይገኛል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ በአምባው ላይ ከተገኙት አውሮፓውያን አንዱ እርሱ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ አድዋ ላይ ዐረፈ።

ከመቅደላ እስከ አጅባርና መካነ ሰላም የተዘረጋው የወሎ ደጋ ለኮሶ ዛፍ የሚስማማ አገር ነው። ባላገሩ ለሆድ ትል ኮሶና እንቆቆ መጠጣቱን ያወቀው ከማንም የውጭ ሊቅ ተምሮ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ አንድ ስም በአንዱ ወረዳ አንድን ተክል፣ በሌላው ወረዳ ሌላውን ሊያመለክት ይችላል። ምንነቱ ያልተረጋገጠ ተክል ደግሞ መጠኑም ሆነ መርዛማነቱ ሊለካ አይችልም። ማንም ተመራማሪ መለስ ብሎ ሊያመሳክረው የሚችለው የደረቀ ናሙና ይህን ችግር ያቃልላል። እንቆቆ በሳይንስ ኤምቤሊያ ሺምፔሪ ተብሎ በዚህ ሰው ስም ተጠርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት የኮሶን እንስት አበባ በፍየሎች የሆድ ትል ላይ ፈትኗል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ የሰውን የኮሶ ትል የሚያስወጣ መድኃኒት የፍየልን ደም የሚመጠውን ቀጭን ትል ያጠፋል ተብሎ በግምት አይታመንም፤ መጠኑ ሲበዛም ኮሶ ራሱ ይጎዳል።

በ1943 በርሊን በቦምብ ስትደበደብ በዚያ የነበሩት የሺምፐር ናሙናዎች ከብዙዎች ጋር ተቃጠሉ። ቅጂዎቻቸው በሌሎች ከተሞች ስለነበሩ ግን ሥራው አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነው። የሺምፐር ስም በእንቆቆ ላይ ሲኖር፣ መድኃኒትነቱን አስቀድመው ያወቁት ባላገሮች ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። ከእንግዲህ ናሙና የሚሰበስብ ባለሙያ ከተክሉ ስም ጎን የነጋሪውንም ስም ቢጽፍ፣ ያ ጉድለት አይደገምም።