ማዣንዲና የውሾቹ ዓይን
ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ማዣንዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1783 በቦርዶ ከተማ ተወለደ። በዘመኑ ብዙዎች ስለ ሕያው አካል አሠራር በሐሳብ ብቻ ሲከራከሩ፣ እርሱ በሙከራ ያልተረጋገጠውን አልቀበልም ባይ ነበር።

በዚሁ አቆጣጠር በ1816 አንድን የሦስት ዓመት ውሻ ለብቻው አኑሮ ከነጭ ስኳርና ከተጣራ ውሃ በቀር ሌላ ምግብ ከለከለው። ውሻው በመጀመሪያው ሳምንት ደኅና መስሎ ታየ፤ በሁለተኛው መክሳት ጀመረ፤ በሦስተኛው ኮርኒያ በሚባለው የዓይኑ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ላይ ቁስል ወጣ። ቁስሉ ሽፋኑን በሳው፤ የዓይኑም ፈሳሽ ወጣ። ውሻው በ32ኛው ቀን ሞተ። በሌሎች ውሾች ቢደገምም ውጤቱ ያው ሆነ።

ማዣንዲ ናይትሮጅን የሌለው ምግብ ብቻውን ሕይወትን እንደማያቆይ ደመደመ። የዓይኑ ቁስል ግን ምሥጢር ሆኖ ቀረ። በኋላ ሊቃውንት ቁስሉን ያያያዙት ከቫይታሚን ኤ እጦት ጋር ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር የታወቀው ማዣንዲ በ1855 ከሞተ በኋላ፣ በ1913 ነው።

በኮሌዥ ደ ፍራንስ ሲያስተምር ክሎድ በርናርን የመሰለ ደቀ መዝሙር አፈራ። ይሁንና ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ በማድረጉ፣ በ1824 በለንደን ያሳየው ሙከራ ብርቱ ቁጣ አስነሣበት።

ከውሾቹ ሥቃይ የተገኘው ትምህርት ለእንስሳት ሐኪም ዛሬም ይጠቅማል። የውሻ አካል የካሮትን ቤታ ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጣል፤ ጉበትም በቫይታሚኑ የበለጸገ ነው፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። በእርጅና የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ የትኛውም ምግብ መልሶ አያጠራውም። ስለዚህ ያረጀ ውሻ ዓይኑ ሲደበዝዝ ከአመጋገብ ምክር በፊት ምርመራ ይቀድማል።