የቆራጣዋ እመ ምኔት፤ ወለተ ጴጥሮስ

ከጣራ ገዳም ከፍታ ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ይታየዋል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ የሚያበቃው በጣና ሐይቅ ነው። ከጉማራ ወዲያ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቆራጣ ትገኛለች። የቆራጣ ታሪክ ከአንዲት ሴት ስም ተለይቶ አይነገርም።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባሕር ሰገድና ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። የመኳንንት ልጅ እንደመሆኗም የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ትዳሯን ጥላ ለመመንኮስ በወጣች ጊዜ ባለቤቷ ጦር ይዞ ተከተላት፤ እርሷም ያስጠጓት ሰዎች በእርሷ ሰበብ እንዳያልቁ ስትል ተመለሰች። ነገር ግን በ1617 አቡነ ስምዖን በጦር ሜዳ ሲገደሉ ባለቤቷ በንጉሡ ወገን ተሰልፎ ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ማዕድ መቅረብ አልሆነላትም። ዳግመኛ ወጥታ መነኮሰች።

የእኅተ ክርስቶስ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እርሷም ባሏንና ልጇን ትታ የመነኮሰች ሴት ነበረች። መነኮሳት ሁለቱን ለማገናኘት ደከሙ፤ ከተገናኙ በኋላ ግን የማንም ድካም አላስፈለገም። ገድሉ እንደሚተርከው ገና እንደተያዩ ፍቅር በሁለቱም ልብ አደረ፤ ከዚያ በፊት እንደሚተዋወቁ ሰዎችም ሆኑ። ኑሯቸውና ስደታቸው፣ ኋላም የማኅበር መሪነታቸው አንድ ላይ ሆነ።

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ። ወለተ ጴጥሮስ እየተዘዋወረች ሕዝቡ እንዳይከተለው አስተማረች፤ በጸሎት የንጉሡ ስም እንዳይነሣም ከለከለች። ተይዛ ሸንጎ ቀረበች። ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ በክርክር ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በመጨረሻ ሞቃትና በሽታ ወዳለበት ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቆየች። ሥልጣን ያለው ሁሉ ያላሰበው ነገር የሆነው በዚህ ግዞት ነው። ስደተኞች ወንዱም ሴቱም ወደ እርሷ ተሰበሰቡና የመጀመሪያው ማኅበር ተቋቋመ። ከግዞት ከተመለሰች በኋላ ማኅበሮቹ እስከ ሰባት ደረሱ።

ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሰ። ይሁን እንጂ የወለተ ጴጥሮስ ፈተና በዚህ አላበቃም፤ አሁን የመጣባት ከገዛ ወገኖቿ ነበር። ሴት ልታስተምርና ወንዶችን ልትመራ አይገባትም የሚሉ መነኮሳት የጳውሎስን ቃል እየጠቀሱ ተነሡባት። መልስ የሰጠላት ስመ ጥሩው ሊቅ አባ ፈትለ ሥላሴ ነው። እኛ ወንዶቹ በቸልታ በተኛንበት ሰዓት እግዚአብሔር እርሷን አስነሣ የሚል ሐሳብ ያለው መልስ ነበር። ሊቁ የመጽሐፉን ቃል አልሻረም፤ የከሳሾቹን ፍርድ ግን ሻረው።

ገድሏን መነኩሴው ገላውዴዎስ በ1672 በግዕዝ ጻፈው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 ካሳተመው ወዲህ መጽሐፉን የሚያውቁት ጥቂት ሊቃውንት ነበሩ። በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ግን ብርቱ ክርክር ተነሣ። ተርጓሚዎቹ ብዙ የብራና ቅጂዎችን አስተያይተው፣ የሁለቱን ሴቶች ፍቅርና በመነኮሳይያት መካከል ስላለ ፍትወት የሚናገረውን ክፍል በተመሳሳይ ጾታ መካከል ባለ ፍቅር አንጻር አነበቡት። ኢትዮጵያውያን ምሁራንና ምእመናን ደግሞ ትርጉሙ የግዕዙን ቃልና የገዳሙን ሥርዓት ያዛባ፣ ቅድስቲቱንም የደፈረ ነው ሲሉ ተቃወሙ።

ዋናውን ንድፍ ሳያይ በቅጂ ብቻ ግንብ የሚያቆም ባለሙያ የለም። በዚህ ክርክር ግን ብራናውን ሳይገልጡ የፈረዱ ከሁለቱም ወገን አልጠፉም። ገድሉ በግልጽ የሚለው ሁለቱ ሴቶች እስከ ሞት እንደተዋደዱና ድንግልናዊ ሕይወት እንደመረጡ ነው፤ ከዚያ አልፎ የሚሄድ ሰው በራሱ ኃላፊነት ይሄዳል። ሆኖም ቁጣው ስለ አንድ ቃል ትርጉም ብቻ አልነበረም። የ2004 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በሚቀጣበት አገር፣ ጥያቄውን ማንሣት ራሱ እንደ ስድብ ተቈጠረ። እንዲህ ያለ ፍቅር ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ይህን ሁሉ ዝም ብለው አደመጡ፤ በስማቸው ወጥተው ለመናገር ግን አልደፈሩም። በሥልጣን ፊት ዝም ያላለች ሴት ገድል እንዲህ ያለ ዝምታ ማስከተሉ ያሳዝናል።

ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን፣ በ1642፣ በ50 ዓመቷ ዐረፈች። አስከሬኗ በጣና በሬማ ደሴት ተቀበረ። ማኅበሩን የተረከበችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1649፣ መራችው። ኋላም በቆራጣ ለወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ ገዳም ተመሠረተ። ስፍራው ከጊዜ በኋላ ከንጉሥና ከባላጋራ ቁጣ ለሚሸሽ ሰው መማጸኛ ሆነ።