እጀታ የሌለው መዝጊያ

ዊልያም ሆልማን ሀንት የሚባለው ስመ ጥሩ ሠዓሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሀብታም ሰው አልነበረምና ልጁ የንግድ ሥራ እንዲለምድ ፈልጎ ገና በልጅነቱ በጽሕፈት ሥራ አስገባው። ልጁ ግን ቀን ሲጽፍ ውሎ ማታ ሥዕል ይማር ነበር። ወደ ንጉሣዊው የሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ ቢወድቅም ተስፋ አልቈረጠም፤ እንደ ገና ሞክሮ በ1844 ዓ.ም. ገባ። በ1848 ዓ.ም. ከወዳጆቹ ከሚሌይና ከሮሴቲ ጋራ ማኅበር አቆመ። የማኅበሩም ሐሳብ ሠዓሊ ሁሉ የተፈጠረውን ነገር በዓይኑ መርምሮ በጥንቃቄ እንዲሥል ነበር።

በ1851 ዓ.ም. ሀንት የዓለም ብርሃን የተባለውን ሥዕል ጀመረ። ሐሳቡን ያገኘው ከዮሐንስ ራእይ ከ3ኛው ምዕራፍ ነው። በሥዕሉ ላይ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በግራ እጁ ፋኖስ ይዞ፥ በቀኝ እጁ አንድ የተዘጋ መዝጊያ ሲያንኳኳ ይታያል። መዝጊያው ብዙ ዘመን ሳይከፈት ስለ ቆየ ሐረግ ተጠምጥሞበታል፤ በደጃፉም አረም በቅሎበታል። ከውጭ በኩል እጀታ የለውም። ይህም ሠዓሊው ረስቶት አይደለም፤ የሰው ልብ ባለቤቱ ከውስጥ ካልከፈተው በቀር ከውጭ በኃይል እንደማይከፈት ለማሳየት ነው።

ሀንት የሌሊቱን ብርሃን በግምት ሊሥለው አልወደደም። ስለዚህ ወደ ገጠር ወጥቶ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ጊዜ፥ በብርቱ ብርድ፥ እግሮቹን በጭድ ሸፍኖ በዛፎች መካከል ተቀምጦ ሲሥል ያድር ነበር። ሥራውንም በ1853 ዓ.ም. ፈጸመ።

በ1854 ዓ.ም. ሥዕሉ በሎንዶን ለሕዝብ በታየ ጊዜ ብዙዎች ነቀፉት። ሀንትም ወደ ኢየሩሳሌም አገር ሄዶ ነበርና መልስ ሊሰጥ አልቻለም። ነገር ግን ጆን ራስኪን የሚባል ሊቅ የመዝጊያውንና የፋኖሱን ምሥጢር በጋዜጣ ገልጦ ጻፈ። ከዚህ በኋላ ሰዎች ሥዕሉን እያስተዋሉ ወደዱት፤ በማኅተም ተባዝቶም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሥዕሉን የገዛው ቶማስ ኮምብ በኦክስፎርድ የማተሚያ ቤት ሹም ነበረ። እርሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ በዚያው ከተማ ላለው ለኪብል ኮሌጅ ሰጠችው።

ዘመን አልፎ ሀንት ሸመገለ። ኮሌጁ ሥዕሉን ለማየት የሚመጡትን ሰዎች ገንዘብ እንደሚያስከፍል በሰማ ጊዜ እጅግ አዘነ። ዕድሜው ከ70 ዓመት ቢያልፍም፥ ዓይኑም ቢደክም፥ ያንኑ ሥዕል ከፊተኛው አስበልጦ እንደ ገና ለመሣል ተነሣ። ዓይኑ እንቢ ባለው ጊዜ ኤድዋርድ ሂዩዝ የሚባል ሠዓሊ ረዳው፤ በ1904 ዓ.ም.ም ተፈጸመ። ቻርልስ ቡዝ የሚባል ባለጸጋ ገዝቶ ከ1905 እስከ 1907 ዓ.ም. ወደ ካናዳ፥ ወደ አውስትራሊያ፥ ወደ ኒው ዚላንድና ወደ ደቡብ አፍሪቃ በመርከብ ላከው። በደረሰበትም አገር ሁሉ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ አየው። በ1908 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተሰቀለ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይገኛል። ሀንት በ1910 ዓ.ም. ሞቶ በዚሁ ካቴድራል ተቀበረ።

ልጆች ሆይ፥ የነቃፊዎች ቃል ለጥቂት ጊዜ ተሰምቶ ጠፋ፤ በብርድና በትዕግሥት የተሠራው ሥራ ግን ቀረ። እናንተም ሥራችሁ መልካም ከሆነ ሰው ቢስቅባችሁ አትተዉት፤ ስትደክሙም የባልንጀራችሁን እርዳታ አትናቁ። ትምህርትም እንደዚያ መዝጊያ መሆኑን አስቡ። መምህር ከውጭ ሆኖ ያንኳኳል፤ ከውስጥ የሚከፍት ግን ተማሪው ራሱ ነው።