የሕፃኑ መደብ፤ የፍሪድሪክ ፍሮብል የሕይወት ታሪክ

ስለ ታናናሽ ሕፃናት ትምህርት በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ የፍሪድሪክ ፍሮብል ስም ሳይነሣ አይቀርም። ዕድሜያቸው ለአንደኛ ክፍል ያልደረሰ ልጆች የሚውሉበትን ትምህርት ቤት ኪንደርጋርተን ብሎ የሰየመው እርሱ ነው። ይህ የጀርመንኛ ቃል ሲተረጐም የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ቤት መዋዕለ ሕፃናት ይባላል፤ ሕፃናት የሚውሉበት መሆኑን ያስረዳልና ስሙ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ስም ውስጥ አትክልቱ የለም። የጐደለው ከስሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከግቢውም ጐድሎ እንደ ሆነ ግን የሰውየውን ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት የመምህር ተግባር ነው። ፍሮብል የአትክልት ቦታ ሲል ለምሳሌ ያህል ብቻ አልነበረም፤ አፈር፥ ዘር፥ ውሃና መኰትኰቻ ያለበትን ቦታ ማለቱ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሮብል የተወለደው ኤፕሪል 21 ቀን 1782 በጀርመን አገር፥ ቱሪንጊያ በሚባለው ደን በበዛበት ተራራማ ክፍል፥ ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ነው። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። እናቱ ልጁ ገና ዓመት ሳይሞላው ሞተች። አባቱ በሰበካው ሥራ ተጠምዶ ለልጁ ጊዜ አልነበረውም፤ የእንጀራ እናቱም የራስዋን ልጅ ከወለደች በኋላ ፍቅርዋን ነሣችው። አባቱ ፊደል ሊያስቈጥረው ሞክሮ ልጁ ፈጥኖ ስላልያዘለት ትምህርት የማይገባው አድርጎ ቈጠረው። ስለዚህ ብላቴናው በአጥር በተከበበው የቄሱ ግቢ ውስጥ ብቻውን መዋል ለመደ፤ ጓደኞቹም ሣሩና አበባው ነበሩ። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ ክሪስቶፍ ሃዝል የሚባለውን ቍጥቋጦ እንቡጥ አሳየውና ከእንቡጡ የሚወጡት ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ቀጫጭን ክሮች አበባ መሆናቸውን፥ ዕፅዋትም እንደ እንስሳት ተባዕትና እንስት እንዳላቸው አስረዳው። ደካማ የተባለው ልጅ ይህን ትምህርት እስከ ሽምግልናው ድረስ አልረሳውም።

ዐሥር ዓመት ሲሞላው የእናቱ ወንድም ሽታትኢልም ወደምትባል ከተማ ወስዶ አሳደገው። አጎቱ ልጁን አመነው፤ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ልቡ እንዲጫወትም ፈቀደለት። በዐሥራ አምስት ዓመቱ የደን አጠባበቅና የመሬት ቅየሳ እንዲማር ለአንድ የደን ሹም ተሰጠ። የደኑ ሹም ሥራ ስለ በዛበት ደቀ መዝሙሩን አላስተማረውም፤ ወጣቱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በጫካው ውስጥ ዕፅዋትን እየለቀመና መጻሕፍትን እያነበበ ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1799 ወደ የና ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ገንዘብ አጥሮት በዕዳ ምክንያት ዘጠኝ ሳምንት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ከታሰረ በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ተመለሰ። ከዚያም በደን መሥሪያ ቤት፥ በመሬት ቅየሳና በጸሐፊነት ሥራ ከስፍራ ስፍራ ሲዘዋወር ቈየ።

በ1805 የሕንፃ ጥበብ ሊማር ወደ ፍራንክፈርት ከተማ ሄደ። እዚያም ግሩነር የሚባል የትምህርት ቤት ሹም አግኝቶት መምህርነት ይሻለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ፍሮብል ከተማሪዎች ፊት በቆመ ጊዜ ለብዙ ዘመን ያጣውን ሥራ ማግኘቱን ዐወቀ። ወዲያውም ወደ ስዊስ አገር ተሻግሮ ስሙ የገነነውን መምህር ፔስታሎዚን ጐበኘ። ቀጥሎ የፎን ሆልትስሃውዘን ቤተ ሰብ ሦስት ወንዶች ልጆች አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። የልጆቹ አባት ከእርሻው ጥቂት መሬት ለይቶ ሰጣቸውና ልጆቹና መምህራቸው አብረው ቈፈሩት፥ ዘሩበትም። ልጆቹን እጅግ ደስ ያሰኛቸው ከገዛ እጃቸው ሥራ ያገኙትን ፍሬ ለወላጆቻቸው ስጦታ አድርገው ማቅረባቸው ነበር። ኋላ የመጣው ዐሳብ ሁሉ ሥሩን የሰደደው በዚህች ጥቂት መሬት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1813 ፍሮብል ናፖሊዮንን ለመውጋት በተነሣው በሉትሶቭ የፈቃደኞች ጦር ውስጥ ዘመተ። በጦሩም ውስጥ እስከ መጨረሻው ያልተለዩትን ሁለት ባልደረቦቹን፥ ላንገታልንና ሚደንዶርፍን አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ በበርሊን የማዕድናት ቤተ መዘክር ረዳት ሆነ። ነገር ግን ወንድሙ ክሪስቶፍ የታመሙ ወታደሮችን ሲረዳ በተስቦ ሞቶ ነበርና የሙት ልጆቹን የሚያስተምር ሰው አስፈለገ። ፍሮብል የበርሊኑን ሥራ ትቶ በ1816 አምስት የወንድሞቹን ልጆች ይዞ ትምህርት ቤት ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ ካይልሃው ወደምትባል መንደር ተዛወረ። የካይልሃው ተማሪዎች ከመጽሐፍ ትምህርት ጋር በእርሻና በአትክልት ሥራ ይደክሙ፥ ተራራውን ይወጡ፥ ዕፅዋቱንና ድንጋዩን በስማቸው ይለዩ ነበር። በ1826 ፍሮብል ስለ ሰው ልጅ አስተዳደግ ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ። ትምህርት ቤቱ ግን በፖለቲካ ጥርጣሬ ምክንያት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹን ተማሪዎች አጣ።

ፍሮብል ከ1831 ጀምሮ በስዊስ አገር ሲያስተምር፥ በቡርግዶርፍ ከተማም የሙት ልጆች ቤት ሲመራ፥ አንድ ነገር ተገለጠለት። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚገቡት ብዙው ነገር ካለፈ በኋላ ነው፤ ልብና እጅ የሚለመልሙባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ጠባቂ አጥተው ይባክናሉ። በ1837 ወደ ቱሪንጊያ ተመልሶ በብላንከንቡርግ የታናናሽ ሕፃናትን የጨዋታ ሥራ ጀመረ። ኳሱን፥ ባለ ስድስት ገጹን እንጨትና ሌሎቹን መጫወቻዎች በሥርዐት አዘጋጅቶ ስጦታዎች አላቸው። ለቤቱ የሚሆን ስም ግን አጥቶ ሲጨነቅ ሳለ፥ በ1840 ከባልደረቦቹ ጋር በተራራ መንገድ ሲሄድ ኪንደርጋርተን የሚለው ስም መጣለት። ጁን 28 ቀን በዚያው ዓመትም ቤቱ በዚህ ስም ተመሠረተ።

የአትክልቱ ቦታ አሠራር እንዲህ ነበረ። መሬቱ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የግል፥ ሁለተኛው የጋራ ነው። በመካከል ያለው ክፍል በትናንሽ መደብ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሕፃን ይታደላል፤ ቦታው ካነሰም ሁለት ሕፃናት አንዱን መደብ ይጋራሉ። በየመደቡ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ሕፃኑ በመደቡ ላይ የወደደውን ይዘራል፥ እንደ ወደደም ይይዘዋል፤ ውሃ ቢነፍገው ሲጠወልግ፥ ቢንከባከበው ሲያብብ በዓይኑ ያያል። የጋራው መሬት የሕፃናቱን መደብ ዙሪያውን ይከባል። በእርሱም ላይ አበባው በአንድ ወገን፥ ስንዴው፥ ገብሱ፥ አተሩ፥ ባቄላውና ጐመኑ በሌላው ወገን በየዐይነቱ ተለይቶና ስሙ ተጽፎበት ይዘራል። ይህን ሁሉ ሕፃናቱ በኅብረትና በሥርዐት ይጠብቁታል።

አስተውሎ ለተመለከተው በዚህ አከፋፈል ውስጥ ሙሉ የትምህርት ዐሳብ አለ። በገዛ መደቡ ሕፃኑ ነጻነትንና የነጻነትን ዋጋ ይማራል፤ የጠወለገው ተክል መምህሩ ሳይቈጣ ይገሥጸዋል። በጋራው መደብ ደግሞ የእርሱ ብቻ ላልሆነው ነገር መድከምን ይማራል። የግል መደብ ብቻ ቢሰጠው ለራሱ ብቻ የሚያስብ ይሆናል፤ የጋራ ብቻ ቢሰጠው ሌላው ያጠጣዋል ብሎ ይተወዋል። የአገርን ደን፥ ወንዝና አፈር የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም የተማረ ሰው ነው።

የፍሮብል የመጨረሻ ዘመን መራራ ነበር። ኦገስት 7 ቀን 1851 የፕሩሲያ መንግሥት ኪንደርጋርተን የተባለውን ሁሉ ከለከለ። የሶሻሊዝምን ዐሳብና ክሕደትን ያስፋፋል የሚል ክስ ቀርቦበት ነበር፤ ክሱም የመጣው የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሮብል የጻፈውን ከእርሱ ትምህርት ጋር ከመቀላቀል ነው። ሽማግሌው ስሕተቱን ቢያስረዳም፥ እስከ ንጉሡ ድረስ ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም። ሆኖም ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፥ በ1852፥ በጎታ ከተማ ወደ ተሰበሰበው የጀርመን መምህራን ጉባኤ በገባ ጊዜ ጉባኤተኛው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው። መንግሥት የነፈገውን ክብር የሙያ ወንድሞቹ ሰጡት። ጁን 21 ቀን 1852 በማሪየንታል ዐረፈ። በሕመሙ ሰዓት አበቦቹ እንዲጠበቁለት ዐደራ እንዳለ፥ ብዙ ተምሬበታለሁ በማለትም አረሙ እንኳ እንዲተርፍ እንደ ለመነ ይነገራል።

ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። ከዚያ በፊትም ሥራው ድንበር ተሻግሮ፥ በ1856 ማርጋሬቴ ሹርትስ የምትባል ሴት በአሜሪካ አገር በዋተርታውን ከተማ ኪንደርጋርተን ከፍታ ነበር። ከዚያም በኋላ ትምህርቱ በዓለም ተዳረሰ። ነገር ግን ከሥራው ሁለት ነገሮች እኩል አልተጓዙም። የእንጨት መጫወቻው በሣጥን ታሽጎ በመርከብ ተጫነ፤ አፈሩ ግን በሣጥን አይታሸግምና በብዙ ከተማ ከስሙ በቀር የአትክልቱ ቦታ ወደ ኋላ ቀረ። በመቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ እንኳ ኳሱንና ሌሎቹን የመጫወቻዎቹን ቅርጾች ይዞ ይታያል፤ መደቡ ግን በድንጋይ ሊቀረጽ የሚችል አይደለም።

መደቡን መልሶ ማበጀት ከመምህሩ በቀር ከማንም አይጠበቅም። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ እርምጃ የሚያህል መሬት፥ የልጁ ስም የተጻፈበት ችካል፥ ፈጥኖ የሚበቅል የጐመን ወይም የባቄላ ዘር፥ እጅ የታጠቡበት ውሃ ይበቃል። የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር መጠንቀቅ ነው። ዶማው ለጥፋተኛ ተማሪ ቅጣት ከሆነ ልጁ አፈርን ከውርደት ጋር አያይዞ ይጠላዋል። ፍሬውን ሌላ ሰው ከወሰደበትም የድካሙን ትርጕም ያጣዋል። በክረምት መግቢያ ችግኝ ተክሎ በበጋ የማይመለስ ልጅ ጕድጓድ መቈፈርን እንጂ ማሳደግን አልተማረም። በመደቡ ላይ ስሙ የተጻፈለት ልጅ ግን ጧት ከደወሉ አስቀድሞ መጥቶ ዘሩ በቅሎ እንደ ሆነ ያያል። እናት የሞተችበት፥ አባቱም ትምህርት አይገባውም ያለው የኦበርቫይስባኽ ብላቴና ለዓለም መምህራን የተወው ውርስ ይህ ነው።